እርጥቡ አሸዋ የሕዝብ ነው

ባሕርን ያስተዋወቁኝ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ናቸው። ሥራዬ እሳቸውን መንከባከብ ነበር። ጠዋት አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሲኖራቸው በራሳቸው አሮጌ መኪና ይዣቸው እሄዳለሁ። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። "እማማ" እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው፣ "እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ አንቺ ደግሞ በስተርጅና ከየት መጣሽብኝ?" ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ወደ ቤት የሚያወጣውን መታጠፊያ ልይዝ ስል እጄን ያዙኝ።

"ዛሬ አትታጠፊ። ዝም ብለሽ ቀጥ በይ።"

ቀጥ አልኩ። ሃይዌዩ አለቀና ባሕሩ ፊታችን ተዘረጋ።

"ሎስ አንጀለስ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አሉኝ።

"ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

"ባሕሩን አይተሽዋል?"

"ከመኪና ውስጥ አይቼዋለሁ።"

"እሱ ማየት አይባልም" አሉ፣ በሩን እየከፈቱ።

እውነታቸውን ነው። እኛ የፌርፋክስ ሐበሾች ኑሯችን ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ነበር። ባሕር ዳርቻ ማለት ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ወስደነው ጫማውን ሳያወልቅ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው። ውሃው ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስለን ነበር።

ሳንታ ሞኒካ አሸዋው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እማማ በምርኩዛቸው ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ።

"ልጅ ሳለሁ የእኛ ቦታ ያቺ ነበረች" አሉ።

ገመድ አልተወጠረም፣ የተጻፈ ነገር አልተለጠፈም፤ ግን ድንበሩን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። ነጮቹ በጥቁርነታቸው እያላገጡ ቦታዋን "የቀለም ብልቃጥ" ይሏት ነበር። እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዶሮና ብርድ ልብስ ይዞ እዚያች ጥግ ይሰፍራል። ከጥግዋ አልፎ የሄደ ወይ ይሰደባል፣ ወይ ይመታል። ወደ ደቡብ ባለች ሌላ ከተማ ደግሞ ጥቁር ባልና ሚስት ለጥቁሮች የመዋኛና የማረፊያ ቤት ከፍተው፣ ከተማው "መናፈሻ አደርገዋለሁ" ብሎ መሬታቸውን እንደወሰደባቸው ከእናታቸው ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሰዎች አሸዋ ላይ ሲቀመጡ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው እንደነበር ነገሩኝ። የሚመጣው ነገር ከውሃው በኩል አልነበረም።

አንድ እሁድ እማማና ታላቅ ወንድማቸው ዛጎል እየለቀሙ ሳያስቡት ወደ ሰሜን ራቁ። ከአንድ ቤት ውሻ የያዘ ሰውዬ ወጣ። "ይህ አሸዋ ባለቤት አለው" አላቸውና ውሻውን ለቀቀው። ወንድማቸውን ባቱ ላይ ነከሰው።

"ወንድሜ አንድ እንባ ሳያወጣ፣ ችሎ ተመለሰ" አሉኝ። "አባቴ ታዲያ ማንን የገረፈ ይመስልሻል? ወንድሜን። 'ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ወይ?' እያለ ገረፈው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከባለውሻው ይልቅ አባታችንን ነው ይቅር ማለት ያቃተው።"

ከዚያን ቀን በኋላ ከዚያች ጥግ ወደ ሰሜን አልፈው አያውቁም ነበር። ሕጉ ከተለወጠ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ እግራቸው ግን አልተለወጠም።

በዚያ ጊዜ አብራኝ የምትኖር ጓደኛ ነበረችኝ። የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። አጠገቤ ቆማ ትዘምራለች፤ እኔ ግጥሙ ሲጠፋኝ ወደ እሷ ዘንበል እላለሁ። ሚድ ዊልሻየር ውስጥ፣ ለፌርፋክስ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። እሷ ፌርፋክስ ላይ ባለ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እየመዘነች ትሠራለች። አዲስ አበባ እናቷ ጋ የተወቻት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ በፊት ስልክ ላይ "እማዬ" ትላት ነበር። እያደር ግን "እማዬ" ማለት አያቷ ሆነችና እናቷን በስሟ መጥራት ጀመረች። መጀመሪያ በስሟ የጠራቻት ቀን ጓደኛዬ ስልኩን ዘጋችና ሻወር ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው። ብዙ ስትቆይ በሩን አንኳኳሁ። "ፀጉሬን እየታጠብኩ ነው" አለችኝ። ስትወጣ ፀጉሯ ደረቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ባሕር መሄድ ጀመርን። እማማ የሚታጠፍ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣቸውን ደፍተው ያዝዙናል።

"አንገትሽን ልቀቂው! ሆድሽን ወደ ሰማይ! ምን ያስደነግጥሻል፣ ውሃ እኮ ነው!"

እኔ ላንጋኖ እንኳ እስከ ጉልበቴ ብቻ ገብቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጓደኛዬ ቶሎ ለመደችው። በጀርባዬ እንድንሳፈፍ መዳፏን ከወገቤ ሥር አድርጋ ትይዘኝ ነበር።

"አለሁ። እስካልነገርሽኝ አልለቅሽም።"

እውነትም አልለቀቀችኝም። ማዕበሉ እሷን ራሷን አፏ ድረስ ሲሞላት እየተፋች፣ እየሳቀች ያዘችኝ። ያን የመሰለ እምነት በሰው ላይ ጥዬ አላውቅም። አንዳንድ ቅዳሜ ከኢንግልዉድ ወዲያ፣ አውሮፕላኖች አናት ላይ የሚነሱበት፣ እሳት ማንደድ የሚፈቀድበት ዳርቻ ሄደን በቆሎ እንጠብስ ነበር። ኤርፖርት የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ከፈረቃ ሲወጡ እዚያው ይመጡልናል። ከጎናችን የሜክሲኮ ቤተሰቦች ድንኳን ተክለው፣ ሙዚቃ ከፍተው ሥጋ ይጠብሳሉ፤ እማማ ወንበራቸውን ወደ እነሱ አስጠግተው ቆይተው ቶርቲያ የሚባለውን ቂጣ ይዘው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከሚያሠራኝ ኤጀንሲ ተደወለልኝ። ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ አዳሪ ተንከባካቢ ይፈልጋሉ። ሥራው ከኔ ሥራ ይሻል ነበር። እኔ እማማን ጥዬ የትም አልሄድም አልኩና የጓደኛዬን ስልክ ሰጠሁ። ማታ ማታ ኢንተርቪው አለማመድኳት፣ ነጭ የሥራ ጫማዬን አበደርኳት፣ እማማም ደውለው "እኔ አውቃታለሁ፤ ልበ ቀና ልጅ ናት" ብለው መሰከሩላት። ተቀጠረች። ለሷ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቤቱን ከመንገዱ ብታዩት ቤት አይመስልም። ጋራዥ ነው። ከጎኑም ጋራዥ፣ ከዚያም ጋራዥ፤ ጋራዥ ከጋራዥ ተያይዞ ረጅም ግንብ ሆኗል። ባሕሩ ከግንቡ ማዶ አለ፤ ይሰማል እንጂ አይታይም። በመጀመሪያው የእረፍት ቀኗ ጓደኛዬ እማማ ቤት መጥታ እየሳቀች አወራችን።

"ሶ፣ ከጋራዡ ጎን አንዲት ጠባብ በር አለች። 'የግል ንብረት ነው፣ መግባት ክልክል ነው' የሚል ተለጥፎባታል። ሰውዬው ለጠበቃው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ 'በሯ የሕዝብ መተላለፊያ ናት፤ ግን ሕዝቡ ካላወቀ እኔ ምን ቸገረኝ' ይለዋል። እኮ አልተቆለፈችም! ገፋ ቢያደርጓት ትከፈታለች!"

እኔም ሳቅሁ። እማማ አልሳቁም። ቤቱ የት ጋ እንደሆነ ጠየቋት። ደጋግመው ጠየቋት።

"ወንድሜ የተነከሰው እዚያ ገደማ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ውሰዱኝ።"

"እማማ፣ ሰውዬው ቢያየንስ?" አልኳቸው።

"ይየና! ደረቁ አሸዋ የሱ ሊሆን ይችላል። ማዕበሉ የሚያርሰው ግን የሕዝብ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። እርጥቡ የኔም ነው።"

ሄድን። በሯን ገፋኋት፣ ተከፈተች። በሁለት ቤቶች መካከል ጠባብ መተላለፊያ፣ ከዚያ ጥቂት ደረጃ፣ ከዚያ ባሕር። እማማ ጫማቸውን አውልቀው እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆሙና ዙሪያውን አዩ። "ትንሽ ነች እኮ" አሉ ቆይተው። "በልጅነቴ የዓለም ዳር መስላኝ ነበር።"

ያ በጋ መልካም ነበር። ጓደኛዬ ሰውዬው ከምሳ በኋላ ሲተኙ ሐብሐብ ቆራርጣ ትወርድልናለች። እማማ ፊቷ ፀሐይ እንደመታው አይተው የገለባ ባርኔጣቸውን አናቷ ላይ ደፉላት። "ያንቺ ይሁን፤ እኔ ሌላ አለኝ" አሏት። ሌላ አልነበራቸውም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻሽ አስረው መጡ።

ከዚያ ጓደኛዬ መውረድ አቆመች። "ሥራ በዛብኝ" አለች። እሁድ እሁድ ወደ ቤት መምጣቷም ቀረ። ከመዘምራኑ ሰው ሲጠይቀኝ "አዳሪ ሥራ ከባድ ነው" እያልኩ እኔው እከላከልላታለሁ። ስደውልላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አሁን አይመቸኝም፣ ኦኬ? መልሼ እደውላለሁ" ትለኛለች። አትደውልም። ሰውዬው ሕመም ጸንቶባቸው ይሆናል እያልኩ በጸሎት አነሳቸው ነበር።

የእማማ ልደት ደረሰ። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጠው የስኳር ድንች ፓይ የሚሉትን ኬክ መብላት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ፓዩን ከክሬንሾው ገዝቼ ሄድን። በሯ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ለጓደኛዬ ደወልኩ፤ አታነሳም። "በሩ ተቆልፏል፣ ከእማማ ጋር ደጅ ቆመናል፣ ዛሬ እኮ ልደታቸው ነው" ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። እንዳነበበችው ስልኬ ላይ አየሁ። መልስ የለም።

"እማማ፣ ሌላ ቀን እንምጣ።"

"ሌላ ልደት እንደሚኖረኝ ማን ነገረሽ?"

ወደ ደቡብ ተመልሰን የሕዝብ መኪና ማቆሚያ ያለበት ዳርቻ ላይ ፓርክ አደረግንና በውሃው ዳር ወደ ሰሜን መራመድ ጀመርን። ውሃው ሸሽቶ ስለነበረ እርጥቡ አሸዋ ሰፊና ጠንካራ ነው። እማማ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዘው፣ እየቆሙ፣ እያረፉ ሄዱ። አንድ ጊዜ ላስተካክላቸው ስል እጄን መታ አድርገው፣ "ተይኝ፣ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ" አሉኝ። ስንደርስ ወንበራቸውን ዘረጋሁላቸው፤ ማዕበሉ እግራቸው ሥር እየመጣ ይመለሳል። ፓዩን ቆረስኩ።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ አንድ ሴኩሪቲ ጎልማሳ ከደረጃው ወረደ።

"ይህ የግል ቢች ነው። መነሳት አለባችሁ።"

"እርጥቡ አሸዋ የሕዝብ ነው" አሉ እማማ፣ ቀና ሳይሉ።

"ማም፣ ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የቤቱ እንግዶች ካልሆናችሁ መቆየት አትችሉም።"

ይህን ሲል ቀለል አለኝ። ነገሩ የተፈታ መሰለኝ።

"እንግዶች ነን" አልኩት። "እዚህ ቤት ሽማግሌውን የምትንከባከበው ልጅ ጓደኛዬ ናት። አንድ ቤት ነው የምንኖረው።"

ሴኩሪቲው ወደ በረንዳው ዞረ። እኔም ዞርኩ። ጓደኛዬ እዚያ ነበረች። ሽማግሌውን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ ፀሐይ አውጥታ ከኋላቸው ቆማለች። የእማማን ባርኔጣ አድርጋለች። እጄን አንስቼ አወዛወዝኩላት።

"ታውቂያቸዋለሽ?" ብሎ ጮኸላት።

አየችኝ። ርቀቱ ፊት ለመለየት የሚያስቸግር አልነበረም። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዝቅ ብላ አየች።

"ኖ" አለች። "አይ ዶንት ኖው ዴም።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቋት። ጎንበስ ብላ ሰማቻቸውና ቀና አለች።

"እየመጡ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው" አለች፣ አሁንም በእንግሊዝኛ።

ዘልዬ ተነሳሁ። በአማርኛ ጮህኩ። "ምን ሆነሻል አንቺ? እኔ ነኝ እኮ! እማማ ናቸው እኮ!"

ወንበሩን አዞረችና ይዛቸው ገባች። የመስታወቱ በር ተዘጋ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ። የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሕመም ሳይሆን ግራ መጋባት መሆኑን ግን ተረቱ አይናገርም። እኔ እዚያ ቆሜ ምክንያት እፈልግላት ነበር። ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ሻሽ ስላሰሩ እማማን ሳትለያቸው ቀርታ ይሆናል እያልኩ።

እማማ ግን፣ "ባርኔጣዬን አድርጋለች" አሉ።

ሴኩሪቲው ፖሊስ መጥራት እንደሚኖርበት ነገረን። "ጥራ" አሉት እማማ። "እኔ ፓዬን እበላለሁ።" እኔ ፈርቻለሁ። የዜግነት ጉዳዬ ገና ነው፤ ስሜ ከፖሊስ ጋር እንዲነሳ አልፈልግም። እንነሳ ብዬ ለመንኳቸው። ወንበራቸውን ጨብጠው ባሕሩን ብቻ ያያሉ። ጎልማሳው ስልኩን እንደያዘ ቆሟል፤ አይደውልም፣ አይሄድም። እንደዚያ ሆነን ሳለ ውሃው ተመለሰብን። አንድ ማዕበል እስከ ጉልበታችን መጣና ፓዩን ይዞት ሄደ። ቀጣዩ ወንበሩን አነቃነቀው። የመጣንበትን ዳርቻ ዞር ብዬ ሳየው ጠብቦ ጠብቦ፣ ባሕሩ የቤቶቹን ምሰሶ መምታት ጀምሯል። እማማን ላነሳቸው ሞከርኩ፣ አሸዋው ከእግሬ ሥር ተንሸራተተ።

ጎልማሳው ስልኩን ኪሱ ከተተና ውሃው ውስጥ ገባ። "ይቅርታ፣ ማም" ብሎ እማማን እንደ ሙሽራ በሁለት እጁ አቀፋቸው። በደረጃው፣ በጠባቧ መተላለፊያ ተሸክሟቸው ሄደና ጓጉንቸሩን ከፍቶ መንገድ ዳር አስቀመጣቸው። ልብሱ እስከ ወገቡ ርሷል።

"መኪናሽን አምጪ፤ እኔ አብሬያቸው እቆማለሁ" አለኝ። "ዛሬ ግን እኔን አላያችሁኝም።"

ከመሄዴ በፊት ጓጉንቸሩን ማን እንዳስደረገው ጠየቅሁት። ትንሽ አመነታ።

"ቁልፉን የሰጠችኝ እሷ ናት። 'ሁለት ሴቶች ይመጣሉ፤ አንዷ ምርኩዝ ይዛለች፤ እንዳታስገባቸው' ብላኛለች።"

ሃይዌዩን ይዤ እያለቀስኩ ሮጥኩ፣ መኪናውን አመጣሁ። ወደ ክሬንሾው ስንመለስ እማማ በእርጥብ ልብሳቸው በመስኮት ያዩ ነበር። ቤታቸው ልንደርስ ስንል ተናገሩ።

"የማያውቀኝ ሰው ሲያባርረኝ ነው ያደግሁት፤ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ከእጄ በልታለች።" ከዚያ፣ "እኔ እኮ መስክሬላታለሁ። ልበ ቀና ናት ብዬ" አሉ።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ቁልፍ እያላት አንኳኳች። ከፈትኩላትና መንገድ ሰጠኋት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ቆሜ አየኋት። ያበደርኳትን ነጭ ጫማ አልጋዬ ሥር አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣

"ካሜራ አለ" አለች። "ሽማግሌው ከናንተ ጋር ቁጭ ብዬ አየኝ። 'ማን ናቸው?' አለኝ። ደነገጥኩና 'አላውቃቸውም፣ መንገደኞች ናቸው' አልኩት። አንዴ ካልኩ በኋላ እንዴት ልመልሰው?"

"ጓጉንቸሩስ?"

የሻንጣዋን ዚፕ መዝጋት ጀመረች።

"ጓጉንቸሩን ማን አለሽ? 'ምርኩዝ የያዘችዋን እንዳታስገባ' በይ ብሎ ማን አዘዘሽ?"

"እንዲያምነኝ ነዋ!" ብላ ጮኸች። "ጠበቃው ልጄን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል። በስሜ ነው የምትጠራኝ፣ ታውቂያለሽ አይደል? አንቺ ልጅ የለሽም። አይገባሽም።"

"ያን ቀን ሻወር ቤት በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሳይገባኝ ነው?"

ማልቀስ ጀመረች። መሐረብ አላቀበልኳትም።

"ጴጥሮስም እኮ ክዷል" አለች በመጨረሻ። "ይቅር ተብሏል።"

"ጴጥሮስ ወዲያው ወጥቶ አለቀሰ። አንቺ በሩን ዘግተሽ ገባሽ። እማማ ውሃ ውስጥ ወድቀው ቢሆንስ? መስታወቱ ጋ ቆመሽ ታዪ ነበር ወይስ አታዪም ነበር?"

እንዳየች ከፊቷ ገባኝ። ጎልማሳው ሲሸከማቸው አይታለች። ከዚያ በፊት ውሃው ሲመጣም አይታለች።

"በሩ ሕገወጥ በሆነ መንገድ መቆለፉን ሪፖርት አደርጋለሁ" አልኳት። "ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው እኔው እየነገርኩሽ ነው።"

"ሥራዬን ታሳጪኛለሽ!"

"ስላንቺ አንድ ቃል አልናገርም። ስለ በሩ ነው የምናገረው።"

ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጎማው ሲንኳኳ እስኪጠፋ ሰማሁት።

ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። እማማ ከጎኔ ተቀምጠው የማላውቀውን ቃል ያቀብሉኛል። ብዙ አስጠበቁኝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አሳለፉኝ፣ ግን ተመዘገበልኝ። ከወራት በኋላ ደወሉና ጓጉንቸሩ መነሳቱን፣ በሯ ላይም የሕዝብ መተላለፊያ የሚል ምልክት መደረጉን ነገሩኝ። ዘልዬ ለእማማ ነገርኳቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ። "እንሂድ" ስላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሌላ ሰው ይሂድበት።"

በሰውዬውና በውሻው ሰባ ዓመት ያህል ከዚያ አሸዋ ርቀው ነበር። በጓደኛዬ ምክንያት ዳግመኛ ራቁ፤ ያኛውን ችለው ተመልሰውበት ነበር፣ ይሄኛውን ግን አልተመለሱበትም። ከሁሉ ይልቅ ያበገነኝ ይህ ነው። የተካድኩት እኔ ነኝ፤ ግን ወጣት ነኝ፣ ያልፍልኛል። እሳቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸው ደጃቸውን ለሰው ከፍተው፣ እንደ ድሮዎቹ ትልልቅ ሰዎች ጀርባቸውን ለባሕሩ መስጠት ጀመሩ። ሳንታ ሞኒካ ስወስዳቸው እንኳ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ይቀመጡ ነበር። ቆይተው የእህታቸው ልጅ ቴክሳስ ወሰደቻቸው። እዚያው አረፉ። በስልክ ነው የሰማሁት።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። በድሮው ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው ሁሉ ሊያስታርቀን ፈለገ። ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጡ። አንዱ ጋሼ፣ "ልጄ፣ ሥራዋን ልታጣ ሆኖባት እኮ ነው፤ ስደት ሰውን እንዲህ ያደርጋል" አሉኝ። "ጋሼ፣ እኔም ስደተኛ ነኝ" አልኳቸው። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ከዓመታት በኋላ የጓደኛዬ ልጅ እንደመጣች ከሰው ሰማሁ። ያመጣቻት በራሷ ወረቀት ነው። ሽማግሌው ሞተው፣ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠውታል፤ የጠበቃው ቃል ቃል ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንድ ልብስ መሸጫ ደጃፍ ተገናኘን። ልጅቷ አብራት ነበረች፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል። መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ የድሮ ቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ከአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሆነው ያዩናል። ሰው እያየን ስለነበረ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር፤ የኔም ሳይሆን አይቀርም።

"ደህና ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

ልጅቷን ሳምኳት። መልከ መልካም ናት፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ነው የምትስቀው። ጓደኛዬ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

"አሁንም ባሕር ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

"እሄዳለሁ።"

"እሷ ውሃ ትፈራለች" አለች ልጅቷን እያየች። "መዋኘት የሚያስተምራት ሰው ፈልጌ ነበር።"

ምን እንደምትለምነኝ ገብቶኛል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ይህም ገብቶኛል።

"ፑል ይሻላታል፤ እዚህ አቅራቢያ ያለው መናፈሻ ውስጥ ያስተምራሉ" አልኩና ለልጅቷ ቦታውን አስረዳኋት። ከዚያ መልካም ቀን ተመኝቼላቸው መኪናዬ ወደቆመበት ሄድኩ።